ቁጥር ያዥለት

የበደለኝ ሰው አቶ ግዛው ይባላል። የበደለኝም አንኮበር ላይ፣ በመዝገብ ቤት ስድስተኛ ዓመቴን ስይዝ፣ በመጋቢት ወር ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም፤ ዛሬ እዚያ የሚሠሩት ልጆች የሉበትም። የሰውየውን ስም ግን እጠራለሁ። አንቱ እያልኩም አልጽፍለትም። ፊት ለፊት ስል ኖሬአለሁ፣ ያ ይበቃዋል።

ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝና "ያየሽውን ጻፊልን፤ ለሚተኩሽ ይጠቅማል" አሉኝ። የፈለጉት ስለ ፋይል አያያዝ እንድጽፍ ነበር። ስለ ፋይል አያያዝ ነው የምጽፈው።

ሥራ የገባሁት ሰኞ ቀን ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ግቢውን ሞልቶት ስለነበር የቢሮውን በር ያገኘሁት ግድግዳውን እየዳበስኩ ነው። አቶ ግዛው የአስተዳደር ኃላፊ ነበር፤ እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በማታ ትምህርት የጨረስኩ ጀማሪ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ሁለት ትልልቅ መዝገቦች ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ፤ አንዱ የገቢ፣ አንዱ የወጪ። ከጎናቸው አንዲት ቀጭን ደብተር አስቀመጠ።

"ገቢ ደብዳቤ ሲመጣ ቀን ትመቺበታለሽ፣ ቁጥር ትሰጪዋለሽ፣ ፋይሉን አውጥተሽ አብረሽ ታቀርቢልኛለሽ" አለኝ። "ወጪ ደብዳቤ ደግሞ እኔ ከፈረምኩ በኋላ ማህተም ይመታበታል፣ ቁጥርና ቀን ከወጪ መዝገቡ ይወስዳል፣ ቀሪው ፋይል ውስጥ ይታሰራል። ዋናውን ለሚወስደው ሰው ስትሰጪ በዚች ደብተር ታስፈርሚያለሽ። ማስረከቢያ ናት። እዚህ ያልተፈረመለት ደብዳቤ አልወጣም ማለት ነው። ገባሽ?"

"ገባኝ" አልኩ።

በደንብ አስተማረኝ። ይህን አልክድም። ማስረከቢያ ደብተሯን ግን አንባቢ እንዳይረሳት።

በሦስተኛው ቀን ከአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ጥያቄ መጣ፤ መልስ በአምስት ቀን ይሰጥ የሚል ነበር። ፋይሉን ይዤ ገባሁ። አቶ ግዛው አየት አደረገና ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፋው።

"ቁጥር ያዥለት" አለኝ።

"ደብዳቤው የታል?"

"ደብዳቤውማ ይጻፋል። አንቺ የዛሬውን ቀንና ቁጥር ያዥለት፤ መስመሩን ባዶ ተዪው። ሲጻፍ እንሞላዋለን። አይሸሽም።"

ዘዴው ይህ ነው። ከወጪ መዝገቡ ላይ ዛሬ ለሚገባው መልስ አንድ መስመር ይያዛል። ቁጥርና ቀን ይጻፋል፤ ለማን እንደሆነና ጉዳዩ ባዶ ይቀራል። ደብዳቤው በሳምንት ይጻፍ በወር፣ ሲወጣ የዛሬን ቀን ለብሶ ይወጣል። ተቆጣጣሪ መጥቶ መዝገቡን ቢያገላብጥ መሥሪያ ቤታችን የሰውን ጉዳይ በዕለቱ የሚመልስ ይመስለዋል። ባለጉዳዩ ብቻ ነው እውነቱን የሚያውቀው፤ እሱ ደግሞ መዝገቡን አያይም።

አርብ አርብ ባዶ መስመሮቹን እቆጥር ነበር። አንዳንዴ አራት፣ አንዳንዴ ዘጠኝ። አንድ ቀን አንዱ የተረሳ መስመር ሰው ይዞ ገደል የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ለአቶ ግዛው ነገርኩት።

"ጥሩወርቅ፣ ምነው አንቺ፣ ፈሪ ነሽሳ!" ብሎ ሳቀ። "ነገ እኮ የእግዚአብሔር ቀን ነው። አያልቅበትም።"

እንዲህ እያለ የእግዚአብሔርን ስም በስንፍናው ላይ ይመርግበት ነበር። እኔም የቄስ ልጅ ሆኜ ሳለሁ ያዘዘኝን መስመር እይዝ ነበር። እያደር ፍርሃቱ ተወኝና እጄ ለመደው። "ቁጥር ያዥለት" ሳይለኝም እይዝ ጀመር።

የእኔ ነገር የመጣው በስድስተኛው ዓመት ነው። ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሰ። በአዲስ አበባ የሁለት ዓመት የመዛግብት አያያዝ ሥልጠና አለ፤ ከወረዳው አንዲት ሴት ሠራተኛ ትላክ፤ ስሟን የያዘው መልስ እስከ እንትን ቀን ማክሰኞ ደብረ ብርሃን ይድረስ ይላል። በመዝገብ ቤት የነበርኩት ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ የሚላክ አልነበረም።

ፋይሉን ይዤ እየሮጥኩ ገባሁ። አቶ ግዛው አነበበ፣ ፈገግ አለ፣ መነጽሩን አወለቀ።

"እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ! ቁጥር ያዥለት።"

በገዛ እጄ በገዛ ዕድሌ ላይ ቁጥር ያዝኩ።

አሥራ አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ አቆየው። በየጠዋቱ ገብቼ እቆም ነበር። አንድ ቀን "ታይፒስቷ አልመጣችም" አለኝ። ሌላ ቀን "ነገ በንጹሕ አእምሮ ልጻፈው፤ ያንቺ ነገር እንዲሁ በግርግር አይሆንም" አለኝ። በዘጠነኛው ቀን "ደጋግመሽ ስትቆሚብኝ እኮ እጄ ይታሰራል" ብሎ ተቆጣኝ። እኔ አኩርፌ ወጣሁ። እንግዲህ ቀኑ አለፈና ዕድሉ ለሌላ ወረዳ ሴት ተሰጠ።

ለአንኮበር ሰው ሁሉ ነገርኩ። "ግዛው አስቀረኝ" አልኩ። የሰውየው ጠባይ ስለሚታወቅ ሁሉም አመነኝ። ፋሲካ እንዳለፈ እሱ ራሱ እድገት አግኝቶ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወረ። ለመሸኛው በግ ታረደ። እኔ ሆዴን አሞኛል ብዬ አልበላሁም። በሩ ላይ ሲሰናበተኝ እንኳ ያው እሱ ነው።

"የኔን ፋይል መላኪያ ቁጥር ያዥለት" አለኝ፤ "ስረጋጋ አስጽፈዋለሁ።"

ያዝኩለት።

ከዚያ በኋላ እኔም ደብረ ብርሃን ገባሁ። በሥራ ላይ እያለሁ ዲፕሎማዬን በርቀት ትምህርት ይዤ ቀስ በቀስ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆንኩ። አቶ ግዛው በዚያን ጊዜ ሌላ ቦታ ተዛውሮ፣ ከዚያም ጡረታ ወጥቶ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ፊቱን አላየሁም። ባዶ መስመሩ ግን አብሮኝ መጣ። የበላዮቼ ሲቀያየሩ እኔ መስመር መያዜን አልተውኩም። ማንም አላዘዘኝም።

ጡረታዬ ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ ሐሙስ ጠዋት ላይ አቶ ግዛውን መዝገብ ቤት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከሲታ ሆኗል። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል።

"ወይዘሮ ጥሩወርቅ" አለኝ። "አወቅሽኝ?"

"እንዴት አላውቅዎትም።"

"እኔም አልረሳሁሽም። ሻይ ያለስኳር የምትጠጪው አንቺ ነሽ።"

ሻዩን አስታወሰ። የሥልጠናውን ደብዳቤ ያነሣ እንደሆነ ጠበቅኩ። አላነሣም።

ጉዳዩን ነገረኝ። ሰላማዊት የምትባል ሴት ልጁ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል። በሳምንት ሁለት ቀን ደሟ በመሣሪያ እየታጠበ ነው የምትኖረው፤ ሐኪሞቹም ልቧ እየደከመ ነው ብለዋል። ወንድሟ ደረጀ ኩላሊቱን ሊሰጣት ተመርምሮ ልክ ሆኖ ተገኝቷል። ችግሩ ስም ነው። ደረጀ አንኮበር ገጠር አያቱ ዘንድ ነው ያደገው፤ ትምህርት ቤት ያስገቡትም መታወቂያ ያወጡለትም በአያቱ ስም፣ ደረጀ ወልዴ ተብሎ ነው። እሷ ሰላማዊት ግዛው ናት። በወረቀት እኅትና ወንድም አይደሉም። አዲስ አበባ ያለው የሐኪሞች ኮሚቴ ደግሞ ከዘመድ ካልሆነ አይፈቅድም። ምስክር ብናቀርብም አልበቃቸውም አለኝ፤ ሰው ገዝታችሁ እንዳልመጣችሁ የሚያሳይ፣ ከሕመሙ በፊት የተጻፈ ሰነድ አምጡ ብለዋቸዋል።

"ሥራ ስገባ የቤተሰብ ሁኔታ ቅጽ ሞልቻለሁ" አለኝ። "ሁለቱንም ልጆቼን ጽፌአለሁ። ፋይሌ ውስጥ አለ። ኮፒውንና አንድ የማረጋገጫ ደብዳቤ ብቻ ነው የምፈልገው። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሚመጣው ሐሙስ ነው። ያ ካለፈ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ልጄ መድረሷን እንጃ።"

ፋይሉን ለማውጣት ከመቀመጫዬ ተነሥቼ አሥራ አምስት እርምጃ መራመድ ነበረብኝ።

"ነገ ይምጡ" አልኩት።

አርብ መጣ። "እየተፈለገ ነው" አልኩት። እየተፈለገ አልነበረም። በዚያ ቀን የሌሎችን ሰዎች ጉዳይ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሬ ስሠራ ውያለሁ። በመደርደሪያው በኩል ሳልፍ ግን በ"ገ" ፊደል በኩል አላልፍም ነበር። ዞሬ በመደርደሪያው ጀርባ ነው የምሄደው። ይህን የማደርገው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ ነው። ቅዳሜና እሑድ ምንም ሥራ አልያዝኩም። በቅዳሴ ቆሜ ሐሙስ ስንት ቀን እንደቀረው እቆጥር ነበር።

ሰኞ ከልጁ ጋር መጣ። ደረጀ አርባ ሊሞላው ምንም ያልቀረው ገበሬ ነው፤ ጥቁር ጋቢ ለብሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አቶ ግዛው ከበሩ አጠገብ ቆመ። ልጁ ነው ያወራው።

"እትዬ፣ ሰው የራሱን ኩላሊት ልስጥ ሲል ይከለከላል? በሬ ብሰጣት ኖሮ ማንም ማን ነህ አይለኝም ነበር።"

"ሕግ ነው" አልኩት።

"ይሁን። አያቴ ወደውኝ ስማቸውን ሰጡኝ። አሁን ፍቅራቸው ጣጣ አመጣብን።" ሳቀ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እርስዎ ይጾማሉ?"

"እጾማለሁ።"

"እኔን ሐኪሙ ውሃ በደንብ ጠጣ ብሎኛል፤ የንስሐ አባቴ ፈቀዱልኝ። እርስዎ ከጾሙ አይቀር በጸሎትዎ አስቡን። ስሟ በክርስትና ወለተ ማርያም ነው።"

"ነገ ኑ" አልኳቸው። ሲወጡ አቶ ግዛው ዞሮ አየኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ቀን እሱን ሳየው የነበረው በዚያ ዓይን ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ የንስሐ አባቴ መምሬ ተክሌ ዘንድ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የጣሪያውን ቆርቆሮ ሽቅብ ያያሉ።

"አባቴ፣ ስንፍና ይዞኛል" አልኳቸው።

"አንቺን? ከእኔ ቀድመሽ ደጁን የምትሳለሚውን?"

ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"በነዚህ ቀናት የሌላውን ሰው ጉዳይ ሠርተሻል?"

"ሠርቻለሁ።"

"የስንቱን?"

"አልቆጠርኩትም።"

"እንግዲያው ስንፍና አይደለም። በስሙ ጥሪው።"

"ቂም ነው" አልኩ።

"ቂም ነው። 'ነገ' የሚል ነጠላ ለብሶ ነው የመጣብሽ።"

"ስግደት ይስጡኝ አባቴ።"

"አልሰጥሽም! ስግደቱን አሁኑኑ አሳምረሽ ትሰግጂና፣ ሠራሁ ብለሽ ፋይሉን ታቆዪዋለሽ። አውቅሻለሁ። ወንጌሉ ወንድምህ የሚቀየምብህ ካለ መባህን እንኳ ጥለህ አስቀድመህ ሂድ ይላል። መባ የሚያስጥል ነገር ለስግደት አይቆምም። ነገ ቢሮ ስትገቢ መጀመሪያ የምትነኪው ነገር እጅሽ የሚሸሸው ፋይል ይሁን። ካወጣሽው በኋላ አርባ ስገጂ። ይህ ቀኖናሽ ነው። ከዚህ በኋላም በየጠዋቱ እንዲሁ አድርጊ።"

"ቀኑ ቢያልፍብኝስ?"

"አምስቱ ደናግል ክፉ ሴቶች አልነበሩም ልጄ። ሱቁ ሁልጊዜ ክፍት የሚሆን መስሏቸው ነው።" ከዚያ ወደ ቆርቆሮው ጠቆሙኝ። "እኔም ስለ አንቺ ብቻ አላወራም። ያንን ቀዳዳ ከፋሲካ በኋላ፣ ከፋሲካ በኋላ ስል ሦስት ክረምት ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ዘንቧል። ሂጂ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ። እኔም ቆርቆሮ ሠሪውን ልጥራው።"

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነጠላዬን ሳላወልቅ ወደ "ገ" ሄድኩ። ፋይሉ ወዲያው ተገኘ። ከፈትኩት። የመጀመሪያው ገጽ ደብረ ብርሃን የተዛወረበት የእድገት ደብዳቤ ነው። ከዚያ በፊት ምንም የለም። ቅጹ የለም። አዲስ ሲመጣ አዲስ ፋይል ተከፍቶለታል፤ አሮጌው ከአንኮበር አልመጣም።

ሐሙስ ዕለት ተነሥቼ ቢሆን ኖሮ ይህን በዚያው ቀን አውቀው ነበር። አምስት የሥራ ቀን በእጄ ነበር። አሁን የቀረኝ ሁለት ነው።

አንኮበር ደወልኩ። አንዲት ልጅ አነሣች።

"የድሮ ፋይሎች ያሉት መጋዘን ውስጥ ነው" አለችኝ። "ቁልፉ ግን ጋሽ ለማ ጋ ነው፤ ለቅሶ ሄደዋል። ነገ ይደውሉልን።"

"ነገ" የምትለው ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስትመጣ እንዴት እንደምታቃጥል ያን ቀን አወቅኩ። ቦርሳዬን አንሥቼ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ቆመ። ሾፌሩን "በእግዚአብሔር፣ እንሂድ" አልኩት። "እማማ፣ ሦስት ሰው ብቻ ቀረኝ" ይለኛል። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ዶሮዋን ታቅፋ "ምን ሆነው ነው?" አለችኝ። ሰዓቴን አሳየኋት።

አንኮበር ስደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጋሽ ለማ ያሉበትን ለቅሶ ቤት ጠያይቄ ከዳገቱ በታች አገኘሁት። ድንኳን ገብቶ ቁልፍ ስጡኝ አይባልም። የሟቹን ስም እንኳ አላውቅም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አልኩ። የቀረበልኝን ንፍሮ በእጄ ያዝኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጋሽ ለማ ለመውጣት ሲነሡ ተከትያቸው ወጣሁ።

"ጥሩወርቅ! አንቺ ደግሞ ከእነሱ ጋር በምን ትዛመጃለሽ?"

"አልዛመድም ጋሼ። የመጣሁት ለቁልፉ ነው።"

"የምን ቁልፍ?"

"የግዛውን ፋይል የምፈልግበት።"

"የግዛውን! አንቺ ለግዛው?" ብለው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ቁልፉን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። "ልጅቱ ታማለች መባሉን ሰምቻለሁ። ሂጂ፣ እኔ ቀብሩ እንዳለቀ እመጣለሁ።"

መጋዘኑ ውስጥ እርጥበት፣ የአይጥ ኩስና በስንጥቁ የሚገባ ብርሃን ነበር። ፋይሎቹ በማዳበሪያ ጆንያ ታስረው ተከምረዋል። ጆንያ በጆንያ መፍታት እስከ ማታ አይበቃም። ስለዚህ መጀመሪያ የዚያን ዘመን የወጪ መዝገብ ፈለግሁ፤ የት እንደተላከ ከታወቀ የት እንዳለ ይታወቃል።

መዝገቡን አገኘሁትና የሚያዝያን ገጽ ገለጥኩ። መስመሩ አለ። ቁጥርና ቀን በእኔ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ለማን፣ ባዶ። ጉዳዩ፣ ባዶ። "ስረጋጋ አስጽፈዋለሁ" ያለው ደብዳቤ ሳይጻፍ ቀርቷል። ደብዳቤ ስለሌለ ፋይሉም አልተላከም። ልጁን የሚያድናት ወረቀት ከሃያ ዓመት በላይ የተቀመጠው አባቷ ባስያዘኝ ባዶ መስመር ላይ ነው።

በማስረከቢያ ደብተሯም ማረጋገጥ ነበረብኝ። እሷም ከመዝገቡ ጋር በሲባጎ ታስራለች። በሚያዝያ በኩል ስለ ፋይሉ ምንም የለም። አንድ ገጽ ወደ ኋላ ሲገለጥ መጋቢት ነው።

እዚህ ላይ እስካሁን ያልጻፍኩትን መጻፍ አለብኝ። በዚያ ገጽ ላይ "ለሥልጠና ስለመላክ" የሚል መስመር አለ። ቀኑ አርብ ነው። አቶ ግዛው በአሥራ አንደኛው ቀን፣ አርብ ዕለት፣ ደብዳቤውን ፈርሞ ሰጥቶኛል። ማህተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። መድረስ የነበረበት ማክሰኞ ነው። ቅዳሜ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ወርዷል፤ ለሾፌሩ አልሰጠሁትም፣ ሰኞ ራሴ እወስደዋለሁ ብዬ። ሰኞ ራሴን አመመኝ። ማክሰኞ መኪናው ካመለጠኝ በኋላ መናኸሪያ ደረስኩ። የፊርማው ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

አልረሳሁትም ነበር። ዋናው ደብዳቤ አሁንም ቤቴ ሣጥን ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ ከተማሩ ልጆች ጋር ተቀምጬ የምወድቅ መስሎኝ ፈራሁ። ፈራሁ ከማለት ግዛው አስቀረኝ ማለት ቀለለኝ። እሱ አሥራ አንድ ቀን አቆየው። አራቱን ያቆየሁት እኔ ነኝ።

መዝገቡን ዘግቼ ጆንያዎቹን መፍታት ጀመርኩ። ጋሽ ለማ ሲመጡ አምስተኛው ላይ ነበርኩ። ሰባተኛው ውስጥ ፋይሉን እሳቸው አገኙት። ጠርዙን አይጥ በልቶታል። ቅጹ ግን ደህና ነው፦ የልጆች ስም፣ አንደኛ ደረጀ፣ ሁለተኛ ሰላማዊት። የአባት ስም ግዛው። ከሥሩ ያንን የማውቀው ፊርማ። ጋሽ ለማ ወደ ውጭ ሲወጡ እዚያው አቧራው ላይ አርባ ሰገድኩ።

ረቡዕ ጠዋት ደብዳቤውን ራሴ ጻፍኩት። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሩ ላይ ቆምኩ። ጸሐፊያቸው "ከሰዓት በኋላ ቢሆንስ ወይዘሮ ጥሩወርቅ?" አለችኝ። "አይሆንም" አልኩ። እስከ ስምንት ሰዓት ቆምኩ። ሲወጡ እዚያው ኮሪደር ላይ አስፈረምኳቸው፣ ማህተም መታሁ፣ የዕለቱን ቁጥር ሰጠሁ፣ ማስረከቢያው ላይ አቶ ግዛውን አስፈረምኩት። ወረቀቱን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ከደረጀ ጋር ወደ አዲስ አበባ መኪና ሮጠ።

ኮሚቴው ፈቀደ። ቀዶ ጥገናው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተደረገ። ሰላማዊት ዛሬ በሕይወት አለች።

ክረምት ሲገባ አቶ ግዛው ሊያመሰግነኝ ቢሮ መጣ። ሻይ አዘዝኩለት።

"ያንን የሥልጠና ደብዳቤ ያስታውሱታል?" አልኩት።

"የትኛውን?"

ነገርኩት። አሥራ አንዱንም አራቱንም ነገርኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ለሰው ሁሉ ግዛው ነው ያስቀረኝ ስትዪ ኖርሽ?"

"ኖርኩ።"

"አንኮበር ስሄድ ሰላምታ የሚነሱኝ ለዚህ ነው እንዴ!" አለ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም። "አሥራ አንድ ቀንስ ብዙ ነው" አለ።

"ብዙ ነው" አልኩት።

"ይቅር ይበለን።"

"ይቅር ይበለን" አልኩ። አሁንም አልወደውም። የምጽፈው እውነቱን ስለሆነ ይህንንም እጽፋለሁ።

ለሚተኩኝ የምለው አጭር ነው። ያቆያችሁትን ፋይል ስታዩ ሥራው ከባድ እንደሆነ አትጠይቁ። በፋይሉ ውስጥ የምትፈሩት ወይም የምትጠሉት ማን እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ ቀኑ ሳይመሽ አውጡት።

አቶ ግዛው ሻዩን ጠጥቶ በወጣ ማግስት ጠዋት መጀመሪያ የነካሁት የወጪ መዝገቡን ነው። በእኔ እጅ የተያዙ ስድስት ባዶ መስመሮች ነበሩ። ስድስቱንም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኳቸው፤ በያንዳንዱ ላይ "ያልተጻፈ ደብዳቤ" ብዬ ስሜንና ቀኑን ጻፍኩ። ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አሳወቅኩ።

"ጡረታሽ ሊደርስ ምን አስጨነቀሽ?" አሉኝ። በሳምንቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ።

የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ወጪ ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማስረከቢያው ላይ ፈርሜ ተረከብኩት፣ ቀሪውን በፋይሌ ውስጥ አሰርኩት። የተፈረመው ጠዋት ነው። በዚያው ጠዋት አወጣሁት።